ኦቨርክሎክ ወይስ ሌላ ዕቃ? ጅማ ላለ የቤት ኮምፒውተር የትኛው ያዋጣል

ቡና ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ ጅማ ሰርግ በሰርግ ትሆናለች። ጎረቤቴ ሰርግ ይቀርጻል፣ ኤዲቱንም ራሱ ይሠራል። ባለፈው ጥር አንድ ማታ በሬን አንኳኳ። «ወንድሜ፣ ያንን ኦቨርክሎክ የምትለውን ነገር አድርግልኝ። አንድ የሰርግ ቪዲዮ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ እየፈጀብኝ ነው» አለኝ። ኮምፒውተሩን ከፋብሪካው ልክ በላይ እንዳፈጥንለት ማለቱ ነው።

ሄድኩ። የኬዙን ጎን ፈትቼ ሳየው የፕሮሰሰሩ ፋን ይጮኻል፣ ንፋሱ ግን የለም። ፋኑን ሳነሳው ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ጭራሽ አይታዩም። የመንገዱ ቀይ አፈርና የጨርቅ ብናኝ አንድ ላይ ተጋግሮ ምንጣፍ መስሏል። ጫፉን በጥፍሬ ይዤ ስስበው እንደ ቂጣ ተላጦ ወጣ። ፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው የሙቀት ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ከማጽዳቴ በፊት ቪዲዮ ሲያወጣ 98 ዲግሪ ይደርስ ነበር። እንዲህ ሲሞቅ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አጽድቼ አዲስ ቅባት ከቀባሁ በኋላ 72 ላይ ረጋ። ሰርጉ ከእኩለ ሌሊት በፊት አለቀ። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ፣ አንድም ቁጥር አልነካሁም።

ከዚያ ወዲህ ኦቨርክሎክ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኬዙን አስከፍተዋለሁ። ምርጫ ማወዳደር የምንጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እንደማምነው ጅማ ላይ ፍጥነት የሚገኘው መጀመሪያ መብራቱንና ሙቀቱን በማስተካከል ነው። የባዮሱ ቁጥር መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ኦቨርክሎክ ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰርን፣ ራምን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ወይም ግራፊክስ ካርድን (ምስል የሚሠራውን) ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ፋብሪካው ደካማውንም ጠንካራውንም ቺፕ በአንድ ስም ስለሚሸጥ ለሁሉም የሚሆን ልክ ያወጣል። ስለዚህ ብዙው ዕቃ ትንሽ ትርፍ አቅም ይዞ ይመጣል። የምንፈልገው ያንን ትርፍ ነው።

ሒሳቡ ግን እኩል አይሄድም። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። በ4.0 ጊጋኸርዝና በ1.20 ቮልት የሚሠራ ፕሮሰሰር አለ እንበል። ወደ 4.5 ሲወጣ 1.35 ቮልት ጠየቀ። ፍጥነቱ 12.5 በመቶ ጨመረ። ኃይሉ 42 በመቶ ገደማ ጨመረ። ያ ሁሉ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣው፣ ፓወር ሰፕላዩና (መብራት የሚያከፋፍለው) ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ይሸከሙታል።

እዚህ ላይ ጅማ የራሷን ትጨምራለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ሰው በሆነ ማቀዝቀዣ ያገኘውን ሙቀት እናንተ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ጨምራችሁ ነው የምታገኙት። የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ዝናብ ላይ የተሞከረ ኦቨርክሎክ መጋቢት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

መጀመሪያ የሚነጻጸሩት

ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው ሃርድ ዲስክ ነው። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያነባል። ሃርድ ዲስክን የሚተካው በቺፕ የተሠራ ማከማቻ፣ ተራው ሳታ ኤስኤስዲ፣ ወደ 550 ይደርሳል። ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰማው ግን በትንንሽ ፋይሎች ላይ ነው። የሃርድ ዲስኩ መርፌ ከቦታ ቦታ እየዘለለ ይፈልጋል፤ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ፕሮሰሰሩን የፈለጋችሁትን ያህል ብታፈጥኑት ያንን መርፌ አታፈጥኑትም። ኤስኤስዲ የሌለው ሰው ስለ ኦቨርክሎክ ባያስብ እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ራም። ባለ 3200 ዲዲአር4 ራም ገዝታችሁ ስትሰኩት ማዘርቦርዱ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚያስነሳው። ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን እስክታበሩ ድረስ የከፈላችሁበትን ፍጥነት አታገኙም። ይህም በስሙ ኦቨርክሎክ ነው፤ ግን ራሙን የሠራው ፋብሪካ ሞክሮ ያስቀመጠው ቁጥር ስለሆነ ከሁሉም የዋህ ነው። ደግሞም አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ግዙ። ሁለቱ በሁለት መስመር ጎን ለጎን ይሠራሉ። ራይዘን 5 5600ጂን የመሰለ ግራፊክሱ አብሮት ያለ ፕሮሰሰር ካላችሁ ይህ ነገር ዓይናችሁ ላይ ይታያል። ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከራሙ ነው የሚበላው። ልጆቹ ፊፋ ሲጫወቱ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ በአንድ ራም ብቻ ስለሚሠራ ነው።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፤ ቮልቴጅ መቀነስ። ፍጥነቱን ሳትነኩ ቮልቴጁን ትንሽ ታወርዳላችሁ። የአሁኖቹ ፕሮሰሰሮች እስከተወሰነላቸው ጣሪያ ድረስ ቀዝቃዛ ሲሆኑ ራሳቸው ፍጥነት ይጨምራሉ፣ ሲሞቁ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ቮልቴጅ የቀነሰ ሰው ብዙ ጊዜ ረዘም ላለ ሰዓት ከፍ ያለ ፍጥነት ያገኛል። ራይዘን 5000 ላይ ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባለው ባዮስ ውስጥ ያለው ምርጫ ለዚህ ነው። ግራፊክስ ካርድም ላይ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የኃይል ጣሪያውን ወደ 80 በመቶ ብታወርዱት የሚጠፋው በሰከንድ ከሚታየው ምስል ጥቂት ፍሬም ነው። ሙቀቱና ጩኸቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። መብራት በሚዋዥቅበት ቤት ኃይል የሚቀንስ ማስተካከያ ኃይል ከሚጨምር ይሻላል ባይ ነኝ።

የትኛውን ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ሻጩን «ኦቨርክሎክ ይቀበላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም «አዎ» ይለዋል። እናንተ የማዘርቦርዱን ስም ጠይቁ፣ ፎቶውንም አስልኩ። መልሱ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ኤኤምዲ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ኤኤም4 ለሚባለው ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ ለሚሰካበት ቦታ) የተሠሩ የዴስክቶፕ ራይዘኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ክፍት ናቸው። 5800ኤክስ3ዲ የተዘጋ ነው። የሚለየው ማዘርቦርዱ ነው። ኤ320 እና ኤ520 ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ አያደርጉም። ቢ450፣ ቢ550 እና በኤክስ የሚጀምሩት ያደርጋሉ። በኤ520 እና በቢ450 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ቢ450ን ውሰዱ። ባትጠቀሙበትም እንኳ ራም መሰኪያውና የቮልቴጅ ክፍሉ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ኢንቴል ላይ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ ሊኖረው ይገባል፣ ማዘርቦርዱም በዜድ የሚጀምር መሆን አለበት፤ ዜድ690 ወይም ዜድ790 እንደሚባሉት። ባለ ኬ ፕሮሰሰር ቢ760 ላይ ብትሰኩት ራሙን ታፈጥናላችሁ፣ ፕሮሰሰሩን ግን አታፈጥኑም። ባለ ዜድ ማዘርቦርድ፣ ትልቅ ማቀዝቀዣና ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ሲደመሩ ወጪው ወዲያው ይቆለላል። ከፍተኛው አይ9-14900ኬ በፋብሪካ ቁጥሩ ብቻ እስከ 253 ዋት ይበላል። 13ኛና 14ኛ ትውልድ ላይ ሌላም ነገር አለ። በ2024 ኢንቴል ራሱ ከፍ ያሉት ሞዴሎች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። የተጎዳውን ማስተካከያው አያድነውም። ስለዚህ ያገለገለ ባለ ኬ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ በቴሌግራም አግኝታችሁ ዋጋው ቢያማልላችሁ ተዉት። አዲስ ከሆነ ከምንም በፊት ባዮሱን አድሱ።

ሦስተኛው ምርጫ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ በየሱቁ አሉ። ለተማሪ፣ ለጽሕፈት ሥራ፣ አውቶካድ ለሚከፍት የኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ልጅ ጥሩ ዕቃ ናቸው። ለኦቨርክሎክ ግን አይሆኑም። ፕሮሰሰራቸው ብዙ ጊዜ ኬ የለውም፣ ባዮሳቸውም ያን ምርጫ አይሰጥም። ፓወር ሰፕላያቸው ላይም በብዙዎቹ ሞዴሎች የኬብሉ አፍ የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ ሌላ ገዝታችሁ መቀየር አስቸጋሪ ነው። እነዚህ ላይ ኤስኤስዲ፣ ሁለተኛ ራም፣ ካስፈለገም ተጨማሪ የኃይል ኬብል የማይፈልግ ባለ 75 ዋት ግራፊክስ ካርድ፣ ጂቲኤክስ 1650፣ አስገቡና በቃ።

አንዳንዶች አይ7-4790ኬ ከዜድ97 ጋር ያገኙና ይጓጓሉ። በ2014 ምርጥ ነበር። 4.0 ጊጋኸርዝ ሆኖ የሚመጣ ነው፤ ጥሩ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከዚያም ያወጣዋል። ግን ምንም ያልተነካ ራይዘን 5 5600፣ ባለ 65 ዋቱ፣ ከፍ ተደርጎ ከተነዳው 4790ኬ ይፈጥናል። ግራፊክስ ካርድ ላይም እንዲሁ ነው። አርኤክስ 580 በ185 ዋት የሚሠራ ካርድ ነው፤ አርኤክስ 6600 በ132 ዋት በብዙ ይበልጠዋል። ምንም ያህል ኦቨርክሎክ ያንን ርቀት አይሞላም። ልዩነቱን የምትሞሉበት ገንዘብ ካላችሁ የትውልድ ለውጥ ግዙ።

እኔን ዛሬ ብትጠይቁኝ ራይዘን 5 5600 በቢ450 ወይም በቢ550 ላይ፣ ሁለት ባለ 8 ራም በ3200 ወይም በ3600፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘር ትንሽ ወደ ታች። የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ካርድ ያስፈልገዋል። ካርድ የመግዣ አቅም ከሌለ 5600ጂ።

ማቀዝቀዣ

ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ ለተራ ሥራ ይበቃል፤ ለኦቨርክሎክ አይበቃም። የውኃ ማቀዝቀዣ ያምራል፣ ያበርዳልም። ግን ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ሲሞት ሙሉውን መቀየር ነው፣ ምትኩንም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የቆመ ማቀዝቀዣ፣ ታወር የሚባለው፣ ፋኑ ቢበላሽ እንኳ ሌላ ፋን ታስሩበታላችሁ። ለጅማ እሱን እመርጣለሁ።

ታወር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስታስመጡ ግን ማቀዝቀዣውን አስፈትታችሁ ለብቻው አስጠቅልሉት። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ አንዴ ሳላስብበት ሳይፈታ አስላክሁ። ኬዙን ስከፍት ማቀዝቀዣው በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ፣ ማዘርቦርዱ እንደ ምጣድ ጎብጦ አገኘሁት። ዕቃው ሌሊት በብርድ ተጉዞ ከመጣም ወዲያው አታብሩት፤ ከቤቱ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ጥቂት ሰዓት ይቀመጥ። አለበለዚያ እርጥበት ይቋጥራል።

መብራቱ

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ።

ከጥቂት ዓመት በፊት «600 ዋት» የሚል ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ስይዘው ቀሎኝ ነበር፤ ዋጋው ስላማረኝ ዝም አልኩ። አንድ የክረምት ሌሊት መብራት ሄደ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መጣ፣ አሁንም ሄደ፣ መጣ። ሁለተኛው ላይ «ጧ» አለ። ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሄደም፤ ማዘርቦርዱን ይዞ ሄደ። በማግሥቱ ስፈታው ውስጡ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ያኔ ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት ማንበብ ብችል አልገዛውም ነበር። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚበሉት ከ12 ቮልት መስመር ነው። ወረቀቱ ላይ 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፒር በ12 አባዙት። የእኔ 20 አምፒር ይል ነበር። 240 ዋት ማለት ነው። የቀረው የስያሜ ዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛ ይህንን ማባዛት። ሁለተኛ የሚቀበለው ቮልት ከ100 እስከ 240 መሆኑን፤ እንዲህ የሚሉት ቮልቴጅ ሲወርድ ይታገሣሉ። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው የድሮ አሠራር ነው፤ ግድ ከሆነባችሁ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩት፤ 115 ላይ ሆኖ 220 ከገባበት ወዲያው ይቃጠላል። ሦስተኛ 80 ፕላስ የሚለውን፣ ኃይል እንደማያባክን የሚመሰክረውን ምልክት። ኦቨርክሎክ ለሚያደርግ ሰው ትክክለኛ 550 ዋት ከሐሰተኛ 800 ዋት ይበልጣል።

ስታቢላይዘር ወይስ ዩፒኤስ? ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ሲወጣና ሲወርድ ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ግን ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ደቂቃዎችን ይሰጣችኋል። አብዛኞቹ የቤት ዩፒኤሶች መጠነኛ የቮልቴጅ ማስተካከያም አላቸው። አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ዩፒኤስ ግዙ። ዋናው ምክንያት ባዮስ ነው። ባዮስ እያደሳችሁ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ዩፒኤስ ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው። ፕሮሰሰሩን ባፈጠናችሁ ቁጥርም የሚሰጣችሁ ደቂቃ ያጥራል። መብረቅ ሲበዛ ከሶኬቱ ጋር የኢንተርኔት ኬብሉንም ንቀሉ።

ለማድረግ ከቆረጣችሁ

ኮምፒውተሩ ያረጀ ከሆነ መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ 2032 የምትባለውን ቀይሩ። እሷ ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር የባዮስ ማስተካከያችሁ ሁሉ ይጠፋል፣ ቀኑም ወደ ድሮ ይመለሳል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር ይህ የየቀን ጣጣ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ፍጥነቱን ጨምሩ፣ ፈትኑ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ራምና ፕሮሰሰር በአንድ ቀን አትንኩ፤ ሲወድቅ የትኛው እንደጣለው አታውቁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ይሠራል። ቮልቴጁን ራሱ ይጨምር ብላችሁ ለማዘርቦርዱ አትተዉት፤ ብዙዎቹ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣሉ።

ለፍተሻ ኮምፒውተሩን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም፣ ኦሲሲቲ ወይም ፕራይም95 ይበቃል፤ ለራም ሜምቴስት86። እኔ ጎረቤቴ ቤት የለመድኩት ልክ አለ። እናቱ ቡና ሲያቀርቡ አቦሉ ሲቀዳ ፍተሻውን እጀምራለሁ፣ በረካ ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሳ አየዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። በዚያ መሐል ሙቀቱ ከ85 ካለፈ ወይም ስክሪኑ ሰማያዊ ከሆነ አንድ ደረጃ እመለሳለሁ። እናቱ «ዛሬስ አለፈ?» ብለው ይጠይቁኛል። ፍተሻውን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ሰዓት አድርጉት። ኮምፒውተሩ ጭራሽ እምቢ ካለ አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ክቧን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ። ሁሉም ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ምን መረጠ? መጀመሪያ ዩፒኤስ ገዛ። ቀጥሎ ሁለተኛ ራም ጨመረ፣ ኤክስኤምፒውን አበራን። ቮልቴጁን ትንሽ አወረድን። ፍጥነቱን አልነካነውም። በየወሩ መጀመሪያ ኬዙን ውጭ አውጥቶ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቱ ይዞ በብሎወር ያጸዳዋል። ለመጪው ጥር ግራፊክስ ካርዱን ሊቀይር አስቧል። አርኤክስ 6600 ፈልግልኝ ብሎኛል፤ እያፈላለግኩ ነው።